"መድኃኒት ተገኘ" የሚል ዜና ሲደርሳችሁ ጥናቱን ራሳችሁ እንዴት ታዩታላችሁ

ያቺ ዜና አሁንም ተመልሳ እየዞረች ነው፣ "የኤችአይቪ ክትባት ተገኘ፣ መቶ በመቶ ይሠራል" የምትለዋ። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አለች፣ የሰፈር ግሩፕ ላይ አለች፣ ቲክቶክማ አታንሱት። ዜናው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፣ ከኋላው ትልቅና እውነተኛ ጥናት አለ፣ ግን ሰዉ ጋ እስኪደርስ ግማሹ ተለውጧል። እኔን የሚያሳስበኝ ግሩፑ ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ የሚያነበው ሰው ነው፣ በየቀኑ መድኃኒቱን እየወሰደ ለማንም ያልነገረ ሰው፣ እሱ "በቃ ተገኘለት" ብሎ የያዘውን ቢያቆምስ? ስለዚ ይሄንኑ ጥናት ይዤ የሕክምና ዜና ሲመጣላችሁ ዋናውን ጥናት እንዴት ፈልጋችሁ እንደምታነቡት ላሳያችሁ። ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ስልክና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ፖስቱ ውስጥ ስም ፈልጉ። የመድኃኒቱን ስም፣ ወይ ጥናቱን ያወጣውን ጆርናል፣ ወይ የዩኒቨርሲቲውን። "ሳይንቲስቶች አረጋገጡ" ብሎ ብቻ ካለፈ የላከውን ሰው ጠይቁት፣ እሱም ካላወቀ እዛው ይቁም፣ ወደ ሌላ ግሩፕ አታሳልፉት። የኛዋ ዜና ላይ ስም አለ፣ መድኃኒቱ ሌናካፓቪር ይባላል፣ የሠራው ጊሊያድ የሚባለው የአሜሪካ ካምፓኒ ነው።

ከዛ ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያስተዳድረው፣ ነጻ ነው፣ አካውንትም አይጠይቅም። የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ብዙ ውጤት ሲመጣ አትደንግጡ፣ ፊልተር ውስጥ ግቡና "ራንዶማይዝድ ኮንትሮልድ ትራያል" የሚለውን ምረጡ። ይሄ ማለት ሰዎቹ በዕጣ ተከፋፍለው አንዱ ቡድን አዲሱን መድኃኒት ሌላው ደሞ የቆየውን ወይ ባዶ ክኒን የወሰደበት ጥናት ነው። ዕጣው ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ሰው በራሱ ከመረጠ ድሮም ለጤናው የሚጠነቀቀው ሰው አንድ ወገን ይሰበሰባል፣ በኋላ ውጤቱ ሲያምር መድኃኒቱ ሠርቶ ይሁን ሰዎቹ ድሮም ጤነኛ ስለነበሩ ይሁን መለየት አይቻልም።

ስትከፍቱት አብስትራክት የሚባል አጭር ማጠቃለያ ታገኛላችሁ። ሙሉው ጽሑፍ አንዳንዴ በክፍያ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ወይ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ዘመድ ካላችሁ ሂናሪ በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል ሊያወጣላችሁ ይችል ይሆናል፣ ለኛ ሥራ ግን አብስትራክቱ ይበቃል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ትርጉም አፕ ተጠቀሙ፣ ግን ቁጥሮቹንና "ኖት" የሚለውን ቃል እንግሊዝኛው ላይ በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ አፑ "አልቀነሰም"ን "ቀነሰ" ካለው የምታነቡት ሌላ ጥናት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሜተድስ የሚለው ክፍል ላይ ሂዱ፣ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው ነው። አብዛኛው ሰው ዘሎ መደምደሚያውን ነው የሚያየው፣ እኔ ግን ከዚህ ጀምሩ እላለሁ ምክንያቱም "በማን ላይ ተሞከረ?" ለሚለው መልሱ ያለው እዚህ ነው። ፐርፐዝ 1 የሚባለው ጥናት፣ 2024 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣው፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆኑ ሴቶች ላይ ነው የተሠራው፣ ከ5,000 በላይ ናቸው፣ ውጤቱ የተሰላውም ሲጀምሩ ኤችአይቪ ኔጌቲቭ በነበሩት ላይ ነው። እዚች ላይ ቆም በሉ። ኔጌቲቭ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ይድናል አይድንም የሚለውን አይነግረንም። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚከላከል ነው፣ ፕሬፕ የሚባለው ዓይነት። ክትባትም አይደለም፣ ክትባት ሰውነታችን ራሱ እንዲዋጋ ያዘጋጀዋል፣ ይሄ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሰውነት ውስጥ ቆይቶ ነው ቫይረሱን የሚያግደው፣ ለዛ ነው በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር መወጋት ያለበት፣ ከተቋረጠ መከላከሉም ያልቃል። በነገራችን ላይ ሌናካፓቪር ለሕክምናም ተፈቅዷል፣ 2022 ላይ፣ ብዙ መድኃኒት ለተላመደ ኤችአይቪ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አብሮ የሚሰጥ ነው፣ ግን እሱም ቫይረሱን ይቆጣጠረዋል እንጂ ከሰውነት አያጠፋውም። ስለዚ ኤአርቲ ላይ፣ ማለትም የኤችአይቪ ሕክምና መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በዚህ ዜና ምክንያት የሚያቆመው ምንም ነገር የለም።

ብዙ ፖስት "በማን ላይ?" የሚለው ጥያቄ ላይ ነው የሚወድቀው። ጥቁር አዝሙድ ካንሰር ገደለ፣ ሽፈራው ስኳር በሽታ አጠፋ ምናምን ይባላል፣ ገብታችሁ ስታዩት ብዙ ጊዜ ላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ሴል ወይ አይጥ ነው። ሳህን ላይ ያለን ሴልማ በረኪናም ይገድለዋል፣ ጥያቄው ሰው ውስጥ ገብቶ ሰውየውን ሳይጎዳ ይሠራል ወይ ነው። ይሄን ስል የሀገራችንን ዕፅዋት እያናናቅኩ አይደለም፣ በፍጹም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ደሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፣ ግን ተነስተው "እንዶድ ጠጡ" አላሉም፣ ከነዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ፈጅተው መረመሩት፣ ጥቅሙም ውሃው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ መግደል ላይ ነው፣ 1989 ላይ ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰዱ። እንደዚ በሥርዓት የሚሞክር ሰው ነው ለቅጠሎቻችን የሚያስፈልገው።

ቀጥሎ "ከምን ጋር ተወዳደረ?" በሉ። ፐርፐዝ 1 ላይ መርፌው በየቀኑ ከሚዋጡ ሁለት ዓይነት ክኒኖች ጋር ነው የተወዳደረው። ሪዘልትስ፣ ማለትም ውጤት የሚለው ላይ ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከስንት ሰው ስንቱ እያላችሁ፣ እኔ ሁሌ እንደዚ ነው የማረገው፦

መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ሴቶች የተያዘች የለችም፣ ዜሮ
ትሩቫዳ የሚባለውን ክኒን እንዲወስዱ ከተደረጉ 1,068 ሴቶች 16
ዴስኮቪ የሚባለውን ክኒን እንዲወስዱ ከተደረጉ 2,136 ሴቶች 39

ይሄን አይቶ "በቃ ክኒኑ አይሠራም" ያለ ሰው አለ፣ እና እዚህ ላይ ነው ጥናቱን ማንበብ ከዜናው የሚለየው። ተመራማሪዎቹ ከተወሰኑት ሴቶች ደም ወስደው ክኒኑን በትክክል እየወሰዱ እንደሆነ ለክተዋል፣ አብዛኞቹ በአግባቡ እየወሰዱት አልነበረም፣ ጊዜው በገፋ ቁጥር ደሞ የሚወስዱት እያነሱ ሄዱ። ክኒኑ በየቀኑ ከተወሰደ በደንብ እንደሚከላከል ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል፣ ግን በየቀኑ መዋጥ በወሬ እንደሚባለው ቀላል አይደለም፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከሌሎች ልጆች ጋር የምትኖር ወጣት ያንን ብልቃጥ የት ትደብቀዋለች፣ ጓደኛዋ ቢያየው ምን ይላታል፣ "ይዟት ነው" ነው የሚባለው። መርፌው ያሸነፈው እዚህ ላይ ነው፣ በዓመት ሁለቴ ተወግታ ትሄዳለች፣ ቤት የሚቀመጥ ነገር የለም። እኔን ጥናቱን እንድወደው ያረገኝ ይሄ ነው፣ የሴቶቹን ኑሮ ያገናዘበ መድኃኒት ነው።

"መቶ በመቶ" ለሚለው ደሞ ሁለተኛውን ጥናት እዩ፣ ፐርፐዝ 2፣ በተለያዩ ሀገሮች ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶችና ሌሎች ሰዎች ላይ የተሠራውን፣ እዛ መርፌውን ከወሰዱ 2,179 ሰዎች 2 ተይዘዋል። በጣም ጥሩ ውጤት ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም፣ ለዛ ነው አንድ ጥናት ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ የምለው።

አሁን ወደ ፐርሰንት። ሰው በጣም የሚታለለው እዚህ ነው፣ በሁለቱም በኩል፣ በፍርሃትም በተስፋም። የፍርሃቱን ላሳያችሁ። 2002 ላይ አሜሪካ ውስጥ የወር አበባቸው የቆመ ከ16,000 በላይ ሴቶች የነበሩበት የሆርሞን ጥናት ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፣ "ሆርሞን የጡት ካንሰርን 26 ፐርሰንት ይጨምራል" ተባለ፣ ብዙ ሴት ደንግጣ መድኃኒቷን ጣለች። ቁጥሩን ስትገልጡት በዓመት ከ10,000 ሴቶች ሆርሞን ካልወሰዱት 30 ያህሉ፣ ከወሰዱት 38 ያህሉ ናቸው በጡት ካንሰር የተያዙት። ከ30 ወደ 38 መሄድ 26 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ትክክል ነው፣ ግን ከ10,000 ሴት 8 ተጨማሪ ማለት ነው። ስምንት ሴት ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፣ ውሳኔው ግን "26 ፐርሰንት" ሰምቶና "ከ10,000 ስምንት" ሰምቶ አንድ አይሆንም።

የተስፋው ደሞ ሌካኔማብ ነው፣ ለአልዛይመር የመርሳት በሽታ። "በሽታውን 27 ፐርሰንት ያዘገያል" ተብሎ ወጣ። 1,795 ሰዎች ለ18 ወር ተከታተሉት፣ የሚለካው ከ0 እስከ 18 በሚሄድ ነጥብ ነው፣ ነጥቡ ሲጨምር በሽታው ባሰ ማለት ነው። ባዶውን የወሰዱት በ1.66 ባሰባቸው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ1.21፣ ልዩነቱ 0.45 ነው። ቤተሰብ በዓይኑ ያየዋል ወይ የሚለው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ። ከዛ ወደ ታች ውረዱና የጎንዮሽ ጉዳቱን ፈልጉ፣ ዜና ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 ፐርሰንቱ ላይ የአንጎል እብጠት በስካን ታይቷል፣ ብዙዎቹ ምልክት ባይኖራቸውም። እናቱ የምትረሳበት ሰው ሁለቱንም ቁጥር የማወቅ መብት አለው። የሌናካፓቪር የጎንዮሽ ጉዳት በአብዛኛው የተወጋበት ቦታ ላይ የሚወጣ እብጠትና ሕመም ነው፣ እሱም አብስትራክቱ ላይ ተጽፏል።

አንድ መድኃኒት ለአንዱ ጠቅሞ ለሌላው ሊጎዳ እንደሚችል ደሞ ዴክሳሜታሶን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ታሪክ ነው በደንብ የሚያሳየው። ሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሰውን እየጨረሰ ባለበት ጊዜ የእንግሊዞቹ ሪከቨሪ የሚባል ጥናት ውጤት መጣ፣ በማሽን እየተነፈሱ ከነበሩት በ28 ቀን ውስጥ ዴክሳ ካልተሰጣቸው 41.4 ፐርሰንቱ ሞቱ፣ ከተሰጣቸው 29.3። ርካሽ መድኃኒት ነው፣ ስንት ነፍስ አትርፏል። ግን እዛው ሠንጠረዥ ላይ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ሕመምተኞች አሉ፣ እነሱ ጋ ከወሰዱት 17.8 ካልወሰዱት 14.0 ፐርሰንት ነው የሞተው፣ ጥቅም የለም፣ እንዲያውም ወደ ጉዳቱ ያደላል። "ዴክሳ ለኮቪድ መድኃኒት ሆነ" የሚለውን ብቻ ሰምቶ ቤቱ የዋጠ ሰው ይሄን ሁለተኛውን መስመር ማንም አልነገረውም።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። ጥናቱን ማን ከፈለ የሚለውን እዩ፣ ፐርፐዝን የከፈለው ራሱ ጊሊያድ ነው፣ ይሄ ብቻውን ውሸት አያረገውም፣ ግን ማወቅ አለባችሁ። ፕሪፕሪንት የሚል ካለበት ሌሎች ባለሙያዎች ገና አልመረመሩትም ማለት ነው። "ሪትራክትድ" የሚል ካያችሁ ደሞ ተሰርዟል፣ ፐብሜድ ላይ በጉልህ ይጻፋል፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የ1998ቱ ጽሑፍ 12 ሕጻናት ላይ ብቻ የተሠራ ነበር፣ ያወጣው ላንሴት የሚባለው ጆርናል 2010 ላይ ሰርዞታል፣ ቲክቶክ ላይ ግን እስካሁን እንደ አዲስ ይዞራል።

እና ጥናት ሠራ ማለት እናንተ ሰፈር ገባ ማለት አይደለም። ሌናካፓቪርን ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጁን 2025 ለመከላከያ ፈቀደው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጁላይ 2025 ላይ እንዲሰጥ መከረ፣ ዋጋው አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ነው፣ ለ120 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሀገሮች ደሞ ከ2027 ጀምሮ በዓመት 40 ዶላር አካባቢ የሚሆን ተመሳሳይ መድኃኒት ለማቅረብ ስምምነት ተፈርሟል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "ፕሬፕ አለ ወይ፣ የትኛው ዓይነት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ክኒኑም እኮ ከተወሰደ ይከላከላል።

ግሩፑ ላይ ስትመልሱ ሰው አታሳፍሩ፣ በተለይ የላኩት ታላቅ ሰው ከሆኑ። እኔ እንደዚ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ኮፒ ማረግ ትችላላችሁ፦ "ጋሼ ስለላኩልን እናመሰግናለን፣ ጥናቱን ገብቼ አየሁት፣ እውነትም ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ የሚከላከል መርፌ ነው፣ ያለበትን አያድንም፣ ክትባትም አይደለም። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምንም እንዳያቆም፣ ሊንኩን ከታች አድርጌዋለሁ።" ሊንኩን ደሞ የምር አስቀምጡት፣ ዝም ብሎ የሚያነበው ሰው ለብቻው ሆኖ ይከፍተዋል።