የቆየ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲገዙና ሲሸጡ ስሙ ስንት ያወጣል?

ፒያሳም ይሁን ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ የቆየ ኤሌክትሪክ ጊታር ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጩም ደላላውም ቀድመው የሚጠሩት ስሙን ነው፦ «ፌንደር ነው»፣ «ኦርጅናል ጊብሰን ነው»። ስም ዋጋ ያወጣል። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ጊታሩ መቼና የት እንደተሠራ፣ ከዚያ ወዲህስ ምኑ እንደተነካ ነው። በፈረንጆች 1963 ተሠርቶ ምንም ያልተቀየረለት ስትራቶካስተር የተባለው የፌንደር ሞዴል በዓለም ገበያ ከ10,000 ዶላር በብዙ ይበልጣል፤ በፈረንጆች 1978 የወጣው ያው ስትራቶካስተር ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። የፌንደሩ ሙዚክማስተርና የጊብሰኑ ሜሎዲ ሜከር ደግሞ ሲሠሩም ለጀማሪ ታስበው ስለነበር፣ ስማቸው ያው ሆኖ ዛሬም የታላላቆቻቸውን ዋጋ አይጠጉም።

ዘመኑን ሲጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚነገርዎ ያጣሩ። እዚህ ከተማ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነው። ፌንደር ሲቢኤስ ለተባለው ኩባንያ የተሸጠው በጃንዋሪ 1965 ነው፤ ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት ለተሠራው እጅግ ይበልጥ ይከፍላሉ። ያ ወቅት በእኛ 1957 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሻጩ «የሃምሳ ሰባት ነው» ካለ ጊታሩ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሊሆን ይችላል። «የስልሳዎቹ ነው» ከተባለም፣ በኛው ከሆነ በፈረንጆች ከ1967 እስከ 1977 ያለው ነው፤ ገዢው በፈረንጆቹ ሰምቶት ከሆነ ለሌላ ዕቃ እየከፈለ ነው። በራስ ሆቴል ወይም በጊዮን ባንዶች ዘመን የተገዛ መሆኑም የተሠራበትን ዓመት አያረጋግጥም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ባሉበት ጫፍ) ላይ የተለጠፈውን ስም አይመኑ፤ የፌንደር ስቲከር በርካሽ የሚገዛ ነገር ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ ውስጡን ይዩ። በፌንደር ላይ መጀመሪያ ክሮቹን በደንብ ያላሉ፣ ከዚያ ከብሎኖቹ ጎድጓድ ጋር በትክክል በሚገጥም ካቻቢቴ ከጀርባ ያሉትን 4 ብሎኖች ይፍቱ። የማይገጥም ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ የተበላ ብሎን ደግሞ ለሚቀጥለው ገዢ «ተነካክቷል» ይለዋል። ከ1971 ጀምሮ ብዙ ስትራቶካስተሮች 3 ብሎን ብቻ ስላላቸው፣ ያንን ይዞ «ከሲቢኤስ በፊት ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል። አንገቱ ሲወጣ ከግርጌው ማኅተም ይፈልጉ። ለምሳሌ «2 ማር 65 ቢ» ማለት 2 የሞዴሉ መለያ፣ ቀጥሎ ማርች 1965፣ ቢ ደግሞ የአንገቱ ስፋት ነው፤ ከላይ፣ ክሮቹ በሚያርፉበት፣ ወደ 41 ሚሊሜትር። ይህ ማኅተም የአንገቱን ብቻ ዕድሜ ነው የሚናገረው። አንገትና ገላ ከተለያየ ጊታር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ፕላስቲክ ሽፋኑን አንስተው ከቮሉም ማዞሪያዎቹ ስር ያለውን ፖት (ድምፅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ክፍል) ጀርባውን ያንብቡ። 1376612 የሚል ካለ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ነው፣ 66 ዓመቱ፣ 12 ደግሞ የዓመቱ 12ኛ ሳምንት። ጊታሩ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም፤ በኋላ ግን ይችላል። ፌንደር በ1966 ብዙ ፖት ገዝቶ ለዓመታት ስለተጠቀመበት፣ የ66 ፖት በ1968 ጊታር ውስጥ መገኘቱ አያስደነግጥም። ብየዳውንም ይዩ፦ አሮጌው ደብዘዝ ያለ ነው፣ አዲስ የተበየደው ያብረቀርቃል።

ጊብሰን አንገቱ በማጣበቂያ የተያዘ ስለሆነ አይፈታም። ከራሱ ጀርባ «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ተቀርጾ ካዩ በጥቅሉ ከ1970 ወዲህ ነው። የ1960ዎቹ ተከታታይ ቁጥሮች ስለተደጋገሙ በእነሱ ብቻ ዓመት አይቆረጥም። ከ1977 ወዲህ ባሉት 8 አኃዞች ግን ማንበብ ቀላል ነው፦ 70108276 ሲሆን 1ኛውና 5ኛው ተጣምረው 78 ይሰጣሉ፣ መሀል ያለው 010 ደግሞ የዓመቱ 10ኛ ቀን ነው። ሌስ ፖል በተባለው የጊብሰን ሞዴል ላይ ከሁሉ በፊት ስብራት ይፈልጉ። ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ የአንገቱን ብረት ማስተካከያ ለማስገባትም እንጨቱ እዚያው ላይ ተቦርቡሯል፤ ሲወድቅ የሚሰበረው በዚያ በኩል ነው። የስልክ ባትሪ አብርተው ብርሃኑን በአግድም ያሳልፉ፤ ስስ መስመር ወይም ቀለሙ የተለየ ሰፈር ካዩ ተጠግኗል። ጥሩ ጥገና ድምፁን አይጎዳም፤ ዋጋውን ግን ግማሽ ያህል ያወርደዋል።

ኤፒፎን ላይ ዘመኑ ይበልጥ ይለያል። ከ1957 ጀምሮ የጊብሰን እናት ኩባንያ ንብረት ነው፣ በ1960ዎቹም በአሜሪካዋ ካላማዙ ከተማ ከጊብሰን ጋር ይሠራ ነበር፤ ካዚኖን የመሰሉት የዚያ ዘመን ጊታሮች ውድ ናቸው። ከ1970 አካባቢ በኋላ ሥራው ወደ ጃፓን ስለሄደ ስሙን ብቻ አይቶ መክፈል ኪሳራ ነው። ይህን ስንል ግን ጃፓንን መናቅ ትልቅ ስህተት ነው። በ1982 የተጀመረው የፌንደር የጃፓን ምርት ስኳየር፣ ቁጥሩ በጄቪ የሚጀምረው፣ እንዲሁም የ1970ዎቹ ግሬኮ፣ ቶካይና አይባኔዝ ከተራ ስማቸው በላይ የሚሸጡ በጥንቃቄ የተሠሩ ጊታሮች ናቸው። «ጃፓን ነው» ተብሎ በርካሽ የቀረበ ግሬኮ ካገኙ ጊዜ ወስደው ይመርምሩት። የምሥራቅ ጀርመኑ ሙዚማና የቼኮዝሎቫኪያው ዮላና ጥቂት ወዳጆች ብቻ ናቸው ያሏቸው፤ እነዚህን ለመጫወት ይግዙ እንጂ ለማትረፍ አይቁጠሩባቸው።

ሻጭ ከሆኑ ጊታሩን አያስቀቡ። አዲስ ቀለም የተቀባ የቆየ ጊታር ከዋጋው ግማሽ ያህል ያጣል፤ ያረጀው ቀለም መፋቁና መሰነጣጠቁ ጉድለት አይደለም። የተቀየረ መቃኛ ወይም ፒክአፕ (የክሮቹን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ካለ የድሮውን በከረጢት አድርገው ከነሳጥኑ አብረው ያቅርቡ። በአዲስ አበባ ደረቅ ወራት እንጨቱ ስለሚኮማተር የፍሬቶቹ (የጣት ገበታው ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ እጅ ሊቧጭር ይችላል፤ ያ በሞረድ የሚስተካከል ስለሆነ ገዢ ብዙ እንዲቀንስበት አይፍቀዱ።

ዋጋ ለመወሰን ኢንተርኔት ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ይዩ፣ ያውም በዓመትም በሁኔታም ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰለውን። እዚህ ከተማ ለመድረክ የሚገዛ ሙዚቀኛ ለድምፁና ለእጅ ምቾቱ ነው የሚከፍለው፤ የሰብሳቢ ዋጋ አይጠይቁት። ወደ ውጭ የሚልኩ ከሆነ የጣት ገበታውን እንጨት ያጣሩ፦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብዙዎቹ ላይ የተገጠመው የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል። ወረቀቱን ማን እንደሚያወጣና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ።