ከቤት ወለል ሥር ያለውን ክፍተት ከእርጥበት ስለ መጠበቅ

በአትላንታ ዙሪያ፣ በክላርክስተን፣ በስቶን ማውንቴን፣ በዲኬተርና በተከር ቤት ገዝተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በዚያ አካባቢ ካሉት የቆዩ ቤቶች መካከል ብዙዎቹ ወለላቸው በቀጥታ መሬት ላይ ያረፈ አይደለም፤ ወለሉን የሚሸከሙት በአጭር የብሎኬት ግድግዳ ላይ የተጋደሙ እንጨቶች ሲሆኑ፣ በእንጨቶቹና በአፈሩ መካከል ሰው ተንበርክኮ ወይም በደረቱ ተስቦ ብቻ የሚገባበት ክፍተት አለ። የአገሩ ሰዎች ክሮል ስፔስ ይሉታል። በአገር ቤት መሠረቱ በድንጋይ ተሞልቶና ተጠቅጥቆ ኮንክሪት ስለሚፈስበት፣ ከምንረግጠው ወለል ሥር ባዶ ቦታ መኖሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በመሆኑም ከቤቱ ጎን ወይም ከጓሮ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ሳይከፍቱ ለዓመታት የሚኖሩ ባለቤቶች አሉ፤ አንዳንዴም በሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈተው ቤቱ ለሽያጭ ቀርቦ የገዢው ኢንስፔክተር ሲመጣ ነው።

እርጥበት ወደዚህ ክፍተት የሚገባው በዋናነት በሦስት መንገድ ነው፤ ከጣሪያና ከግቢ በሚመጣ ውሃ፣ ከአፈሩ በሚነሳ ተን፣ እንዲሁም በሙቀት ወራት ከውጭ በሚገባ እርጥብ አየር። ሥራውም መከናወን ያለበት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ውሃው ሳይቆም አፈሩ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ ላስቲኩ ሳይነጠፍ እርጥበት መምጠጫ ማሽን መግዛት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል። ማስታወቂያዎች ሁልጊዜ ከመጨረሻው እርምጃ፣ ማለትም ከማሽኑ ስለሚጀምሩ ይህን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

የያዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ የማይሞላ እንጨት አይበሰብስም፤ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች በደንብ የሚሠሩት መጠኑ ወደ 28 በመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ሻጋታ ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ በክፍተቱ ያለው አየር ለብዙ ቀናት በጣም እርጥብ ሆኖ ከቆየ የእንጨቱን ገጽ መሸፈን ይጀምራል። ጉዳቱ ደግሞ እዚያው ታች አይቀርም። በቤቱ ውስጥ ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያ በኩል ሲያመልጥ፣ በምትኩ ከሥር ያለውን አየር በቧንቧና በኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ይስባል። ስለዚህ ታች ያለው አየር የሳሎንና የመኝታ ቤት አየር ይሆናል፤ አስም ያለበት ልጅ በሚኖርበት ቤት ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የሻጋታውን ሽታ በዕጣን ለመሸፈን የሚሞክሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ዕጣኑ ሽታውን ለጥቂት ሰዓታት ቢደብቀውም ምንጩን አይነካውም፣ ጭሱም አስም ላለበት ሰው ተጨማሪ ጫና ነው።

በመጀመሪያ ገብቶ ማየት ይገባል። ሙሉ ልብስ፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ ኤን95 ጭምብልና ጠንካራ ባትሪ ያዘጋጁ፤ እርስዎ ውስጥ ሳሉ አንድ ሰው በሩ አጠገብ ይቁም። በጆርጂያ ብላክ ዊዶው የተባለችው መርዘኛ ሸረሪት እንዲህ ባለ ጨለማ ቦታ ስለምትገኝ፣ እጅዎን በማይታይ ጥግ አያስገቡ። የቆመ ውሃ ካለና ሽቦ ወይም ማሽን የሚነካው ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ፈጽሞ አይግቡ። ውስጥ ከገቡ በኋላ አፈሩ እርጥብ መሆኑን፣ ብሎኬቱ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር መውጣቱን፣ እንጨቱ መጥቆሩን፣ የወለሉ ሙቀት መከላከያ ፋይበርግላስ ከእንጨቶቹ መካከል ተንጠልጥሎ ወይም ወድቆ እንደሆነ ይመልከቱ። ነጩ ዱቄት ውሃ በግድግዳው አልፎ ሲተን የተወው ጨው ነው። እንጨቱን በዊንዲቨር ጫፍ ወጋ ያድርጉት፤ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ መበስበስ ጀምሯል። በግድግዳው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ ቱቦ ካዩ ምስጥ አለና ሌላው ሥራ ሁሉ ቆሞ የምስጥ ባለሙያ ይጠራ። ያዩትን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሥተው ቀኑን ይመዝግቡ፤ በኋላ ለውጡን የሚያሳይዎ እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ይውጡ። 1,000 ካሬ ጫማ ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ቢጥል 620 ጋሎን ገደማ፣ ማለትም ከ2,300 ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው በጥድና በሌሎች ዛፎች ቅጠል ከተደፈነ፣ ወይም መውረጃ ቱቦው ግድግዳው ሥር ተቆርጦ ከቀረ፣ ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈሰው መሠረቱ ሥር ነው። አሸንዳውን ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቅጠል ረግፎ ሲያበቃና የቅዝቃዜው ወራት ሲያልፍ ያጽዱ፤ መውረጃውንም ከግድግዳው ቢያንስ 6 ጫማ እንዲርቅ በቱቦ ያስረዝሙ። መሬቱም ከቤቱ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ቀዩ የጆርጂያ ሸክላ አፈር ውሃ በቶሎ ስለማያሰርግ፣ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ግቢ ዝናቡን ሁሉ ወደ ግድግዳው ይገፋል። አፈር ሲሞሉ በደንብ የሚጠቀጠቅ አፈር ይጠቀሙ፤ ሙሌቱ በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎችም ሆነ የቤቱን የእንጨት ክፍል እንዳይሸፍን ይጠንቀቁ። ግድግዳውን ተጠግቶ የተተከለ፣ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ የአበባ መደብም መራቅ ይኖርበታል።

ይህ ሥራ ብዙ ወጪ የሌለው፣ አብዛኛውንም ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው የሚችለው ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህ ሳይጠናቀቅ ለሌላ ነገር አንድ ዶላር እንዲወጣ አልመክርም። ከተጠናቀቀ በኋላ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ጠብቀው ይግቡና ይመልከቱ። አሁንም ውሃ የሚገባ ከሆነ በውስጥ በኩል በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ውሃውን ወደ ጉድጓድ ማድረስ፣ ከዚያም በሳምፕ ፓምፕ ወደ ውጭ መግፋት ያስፈልጋል። ኃይለኛ ዝናብና የመብራት መጥፋት አብረው ስለሚመጡ ፓምፑ በባትሪ የሚሠራ ምትክ ይኑረው።

ቤቱ ራሱ የሚያፈሰውን ውሃም አይርሱ። የልብስ ማድረቂያው ማስወጫ ቱቦ ወለሉ ሥር ተቋርጦ ከቀረ በእያንዳንዱ እጥበት ልብሱ የያዘው ውሃ ሁሉ ተን ሆኖ እዚያ ይቀራል፤ ቱቦው የግድ እስከ ውጭ መድረስ አለበት። የማቀዝቀዣው ውሃ መውረጃና የመታጠቢያ ቤት ቧንቧዎችም አብረው ይታዩ።

ቀጥሎ የአፈሩ ተን ነው። ደረቅ የሚመስል አፈር እንኳ ሌትና ቀን ተን ያወጣል፤ መድኃኒቱም መሬቱን ሙሉ በሙሉ በወፍራም ፖሊኢትሊን ላስቲክ መሸፈን ነው። ዝቅተኛው ውፍረት 6 ሚል ነው (አንድ ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው)፤ ይሁን እንጂ ሰው በላዩ እየተሳበ ስለሚሄድ 10 ሚልና ከዚያ በላይ የሆነው፣ በተለይም በውስጡ ክር ያለው፣ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከማንጠፍዎ በፊት የወዳደቀ እንጨት፣ ካርቶንና ስለታም ድንጋይ ያስወጡ፤ ከላስቲክ ሥር የቀረ እንጨት የምስጥ ቀለብ ነው። አንዱ ላስቲክ በሌላው ላይ ቢያንስ 6 ኢንች ይደረብ፣ መገጣጠሚያውም ለዚሁ በተሠራ ቴፕ ይታሸግ፤ ተራው የቱቦ ፕላስተር በእርጥበት ይለቃል። ቀጥሎ እንደምናየው የአየር ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ክፍተቱ የሚዘጋ ከሆነ ዳር ዳሩ በግድግዳው ላይ ቢያንስ 6 ኢንች ወጥቶ መጣበቅ አለበት፤ በመካከል ያሉ ምሰሶዎችም እንዲሁ ይጠቀለሉ። ላስቲኩን እስከ ግድግዳው አናት ለማድረስ ከፈለጉ ከላይ 3 ኢንች ያህል ባዶ ይተዉ፤ የምስጥ መርማሪው የጭቃ ቱቦ መኖሩን የሚያየው በዚያ ነው።

ሦስተኛው፣ የአየር ቀዳዳዎች ጉዳይ፣ ብዙ ክርክር ያለበት ነው። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ደንብ ለእያንዳንዱ 150 ካሬ ጫማ 1 ካሬ ጫማ የአየር ቀዳዳ ይጠይቃል፤ ሐሳቡም የውጭ አየር ክፍተቱን ያደርቀዋል የሚል ነው። በአሜሪካ የቅዝቃዜ ወራት እውነት ነው። በጁላይ ግን ተቃራኒው ይሆናል። ከውጭ ያለው አየር 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 90 ፋራናይት ገደማ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ ያ አየር 23 ዲግሪ ሲደርስ ጤዛ መጣል ይጀምራል። ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ቤት ሥር ያሉት የአየር ቱቦዎችና ቧንቧዎች ከዚያ በታች ይቀዘቅዛሉ፤ ስለዚህ በቀዳዳው የገባው አየር ከማድረቅ ይልቅ ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ ላይ ውሃ ይጥላል። በሰሜን ካሮላይና፣ ፕሪንስቪል በተባለችው ከተማ አድቫንስድ ኢነርጂ የተባለው ተቋም በ12 ቤቶች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ክፍተታቸው የተዘጋባቸው ቤቶች በሙቀት ወራት ይበልጥ ደረቅ ሆነው ከመገኘታቸውም በላይ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚውለው ኃይል 15 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሷል። በጆርጂያ አየር ንብረት እኔም መዝጋቱን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹን ደፍኖ መተው መዝጋት አይባልም። ደንቡ በተዘጋ ክፍተት ውስጥ የታሸገ የመሬት ላስቲክ ይጠይቃል፤ ከዚህም ጋር ለእያንዳንዱ 50 ካሬ ጫማ በደቂቃ 1 ኪዩቢክ ጫማ አየር ከቤቱ ማስገቢያ ወይም ወደ ውጭ መሳቢያ፣ አለዚያም እርጥበት መምጠጫ ማሽን እንዲኖር ያዛል።

ከመዝጋት በፊት ሁለት ነገሮች ለሕይወት አስፈላጊ ናቸው። በክፍተቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ወይም የውሃ ቦይለር ካለ፣ የሚነድበትን አየር የሚያገኘው ከእነዚያው ቀዳዳዎች ሊሆን ይችላል፤ ተዘግተውበት በትክክል ካልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ የአየሩን መንገድ ሳያስተካክል ምንም አይዘጋ፤ በየፎቁም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር። ሁለተኛው ራዶን፣ ማለትም ከአፈር የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ጋዝ ነው። ዲካልብ፣ ፉልተን፣ ኮብና ጉዊኔት በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ካርታ ከፍተኛ የራዶን መጠን ከሚጠበቅባቸው አውራጃዎች መካከል ናቸው። ከሥራው በፊትና በኋላ ይለኩ፤ ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኪዩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ከላስቲኩ ሥር አየሩን ስቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ቱቦ ያስፈልጋል።

የእርጥበት መምጠጫ ማሽኑ ተራ የሚመጣው አሁን ነው። ለዚህ ቦታ ተብሎ የተሠራውን ይምረጡ፤ ውሃውም በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ እንጂ በየቀኑ ተስቦ ገብቶ የሚደፋ ባልዲ አይሁን። 50 በመቶ አካባቢ ላይ ያስተካክሉትና ገመድ አልባ የእርጥበት መለኪያ ታች አስቀምጠው ማሳያውን ወጥ ቤት ይስቀሉ። ንባቡ ለቀናት ከ60 በመቶ በላይ ከቆየ ማሽኑን ከመውቀስ በፊት ከአሸንዳው ጀምረው እንደገና ይፈትሹ።

ሲያትል ለሚኖሩ ምክሩ ይለያል፤ ዝናቡ በቅዝቃዜው ወራት ሆኖ የሙቀት ወራቱ ደረቅ ስለሆኑ፣ መሬቱ በላስቲክ ከተሸፈነና የግቢው ውሃ ከራቀ ክፍት ቀዳዳ በአብዛኛው ችግር አያመጣም። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የሙቀት ወራት ግን ለአትላንታው ይቀርባል።

ኮንትራክተር ሲጠሩ ውሃው ከየት እንደሚመጣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቁ፤ ከሦስት ሰዎች ዋጋ ይቀበሉ፤ የላስቲኩ ውፍረት በሚል፣ የማሽኑ አቅምም በቁጥር በውሉ ላይ ይስፈር። ሥራው እንዳለቀ ገንዘቡን ሁሉ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ገብተው መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ እየዳሰሱ ይመልከቱ።