ለመንዳት የሚሆን ጓንት፦ መቼ ይጠቅማል፣ እንዴትስ ይመረጣል?

መኪና ለመንዳት ጓንት የግድ አይደለም። መሪ ከእንጨትና ከብረት በሚሠራበት፣ ፓወር ስቲሪንግም (መሪ ማዞርን የሚያቀልለው መሣሪያ) ባልነበረበት ዘመን ያላበው እጅ ስለሚያሟልጭ ጓንት ቁም ነገር ነበር። የዛሬው መሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቆዳ ወይም የማያሟልጭ ፕላስቲክ ለብሶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ያለ ጓንት ምንም አይጎድልበትም።

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ ለምን እንደሆነ ይለዩ። እጅዎ ቶሎ የሚያልብ ከሆነ፣ ብርድ ጣትዎን የሚያደነዝዘው ከሆነ ወይም ረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚነዱ ከሆነ ይጠቅማል። የፊት መስታወት አልትራቫዮሌት ጨረርን በአብዛኛው ያግዳል፤ ተራ የጎን መስታወት ግን ቆዳ የሚያስረጀውን ዓይነት በደንብ ያሳልፋል። ችግሩ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መሪ ማቃጠሉ ብቻ ከሆነ ጓንት አይግዙ፤ ሲያቆሙ መሪውን ግማሽ ዙር አዙረው ይተዉት፣ የጋለው ወገን ሲመልሱት ወደ ታች ይሆናል።

ከዚያ ቆዳውን ይምረጡ። ስስ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ፣ ገበር የሌለው፣ ጀርባው ላይ ላብ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለው ይሁን። የጣቶቹ ስፌት ወደ ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ ውስጥ ከሆነ መሪ ሲጨብጡ ጣት ይቆረቁራል። የሱፍና የክር ጓንት መሪ ላይ ስለሚንሸራተት ጭራሽ አይሆንም። ጣቱ የተቆረጠው ለንክኪ ስክሪን ይመቻል፣ ጣትን ግን ከፀሐይ አያድንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። አውራ ጣትን ትተው መዳፍዎን በሰፊው ቦታ ዙሪያውን በሜትር ይለኩ። የጓንት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በኢንች ስለሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ቁጥር ይጠጋል። በሁለት ቁጥር መካከል ከወደቁ ትንሹን ይውሰዱ፤ ቆዳ ሲለበስ ይለጠጣል። ሰፊ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፦ እጅዎ መሪውን የያዘ ይመስልዎታል፣ ቆዳው ግን በእጅዎና በመሪው መካከል ይዞራል።

ሙከራው እንዲህ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እንደተነሳ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። መዳፉ ላይ ቆዳው ከተጨማደደ ወይም የጓንቱ ጣት ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ተርፎ ፍሬቻ ሲነኩ ከታጠፈ ሰፍቷል። ጣትዎን ሲዘረጉ የአውራ ጣት ሥር ከተወጠረ፣ ወይም እጅዎን ሲጨብጡ ጣትዎ ከደነዘዘ ጠቧል። የእጅ አንጓው ማሰሪያም ደም እስኪያግድ አይጥበቅ።

ጓንቱ ሲረጥብ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁት። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ከመታው ቆዳው ይደርቅና መጨበጥ ይተዋል። መሪውንም ዳሽቦርድ በሚያብረቀርቁበት ቅባት አይወልውሉ፤ ያን ጊዜ የትኛውም ጓንት አይዝም።