«ተው!» አትበሉት፦ ድንገት ድምፅ የሚያወጣ ልጅ ያለበት ቤት የሚሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ደሴ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ወላጆች ልጃቸውን እጁን ይዘው ይመጡና «ምን እንደነካው አናውቅም» ይሉኛል። ዓይኑን ያርገበግባል። አንገቱን ወደ ጎን ይወረውራል። ያለ ጉንፋን «እህ፣ እህ» ይላል። አንዳንዱ ድንገት ይጮኻል፣ ወይም የሰማትን ቃል ይደጋግማል። ይህ በሕክምናው ቲክ ይባላል። ብዙ ዓይነት እንቅስቃሴና ቢያንስ አንድ ድምፅ ኖሮ፣ በልጅነት ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ቱሬት ይሉታል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ዘጠኝ ሕሙማን ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዢል ደ ላ ቱሬት የመጣ ነው።

«ተው!» ማለት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ፣ በየቀኑ ያናድደኛል።

አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ ጠረጴዛዬ ላይ በእስክሪብቶዬ መኪና ይሥላል፤ ድምፅ የለም፣ ጸጥ። አባትየው «ጉሮሮውን እንዲህ እያደረገ…» ብሎ መናገር ሲጀምር ልጁም ጀመረ። አባት ጉልበቱን ጨበጥ አደረገው፤ «ተው አልኩህ!» ልጁ ከንፈሩን ነከሰ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ወጣበት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እስኪ ጋሼ፣ እኔ ስናገር ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ይቆዩ» አልኳቸው። ጥቂት ቆዩና ጨፈኑ። ልጁም የሚሆነው እንደዚሁ ነው። ቲኩ ከመምጣቱ በፊት ጉሮሮው ላይ ወይም አንገቱ ላይ የሚያሳክክ፣ የሚወጥር ስሜት ይመጣበታል። ሲያደርገው ቀለል ይለዋል። ለጊዜው መያዝ ይችላል፣ ግን እየከበደው ይሄዳል። ስለዚህ «መያዝ ከቻለ አውቆ ነው» የሚለው ክስ ልክ አይደለም። ስለ ቲኩ እፊቱ ማውራት ራሱ ቲኩን ይጠራዋል፤ ሥዕሉ ላይ ሲመሰጥ ግን ጋብ ይላል።

አስተማሪዎች ደግሞ ክፍል ረበሸ ብለው ያንበረክኩታል፣ ያስወጡታል። ልጁ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል፤ ቤት ሲገባ ሁሉም ይፈነዳል። እናት «ትምህርት ቤት ደህና ነው አሉኝ፤ እኔን ለማናደድ ነው» ትላለች። የኔ እናት፣ አንቺን ለማናደድ አይደለም። ቤቱ ስለሆነ ነው የለቀቀው። መምህራን፣ እባካችሁ ሲብስበት ያለ ጥያቄ ወጣ ብሎ እንዲመለስ ፍቀዱለት፤ ከተቻለም ፈተናውን ለብቻው ይፈተን። ለክፍሉ ልጆች «አውቆ አይደለም፣ አይጋባም» ብሎ አንድ ጊዜ መንገር ብዙ ሳቅ ያስቀራል።

ብርድ ነው ብሎ ሽሮፕ ማመላለስ

ደሴ ብርዷ ስለማይቻል ሰው ይህን ማሰቡ አይገርምም። ግን ልጁ ወራት ሙሉ ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ሲጠጣ ይከርማል። ሌሊት ተኝቶ እያለ ያስላል ወይ? ቲክ ከሆነ እንቅልፍ ሲወስደው በአብዛኛው ይጠፋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ይህን አይታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

በርበሬ ማጠን፣ ማሰር፣ ማስራብ

ወሎ የጠበልም የዱዓም አገር ነው። ጠበል ውሰዱት፣ ዱዓ አስደርጉለት፤ ለእናትም ለልጅም ብርታት ይሰጣል። ጂን ነው፣ ቡዳ ነው ተብሎ ልጅን ማጠን፣ ማሰር፣ ማስራብና መግረፍ ግን ጉዳት ነው። የበርበሬ ጭስ ሳንባ ይጎዳል እንጂ ቲክ አያወጣም።

ስድብ የሚያመልጠው ልጅ ካለ ደግሞ ባለጌ ወይም የተያዘ አትበሉት። ይሄ ራሱ የቲክ ዓይነት ነው፤ ቱሬት ካለባቸው ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ላይ የሚታይ ነው።

የመጨረሻውን ነገር ማመስገን

ቲክ በራሱ ይብሳል፣ በራሱ ይረግባል፣ መልኩንም ይለውጣል። ሰው የሚሮጠው ሲብስ ነው። በማግስቱ ሲረግብ የቀመሰው ቅጠል ሁሉ መድኃኒት ይመስላል። ጎረቤት ይሰማል፣ እሱም ለልጁ ይቀምማል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይጀምራል፣ ከ10 እስከ 12 ባለው ይከፋል፣ ከዚያ በብዙዎቹ ላይ እያደጉ ሲሄዱ ይቀንሳል። ቀላል ከሆነ ምንም መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል።

የሰው ኪኒን መውሰድ

ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ለከባድ ቲክ ይታዘዛሉ። ግን እንቅልፍ ያበዛሉ፣ ክብደት ይጨምራሉ፣ ጡንቻም ሊያስሩ ይችላሉ። ያለ ሐኪም አትጀምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ።

ልምምዱን መናቅ

«ኪኒን ካልሰጣችሁን ምን ልንሠራ መጣን?» የሚሉኝ አሉ። ያለ ኪኒን ቲክን ለመቆጣጠር የሚሠራ ልምምድ አለ፤ በደንብ ይረዳል። መጀመሪያ ልጁ ስሜቱ ሲመጣበት መለየት ይማራል። ከዚያ ቲኩን የማያስኬድ ሌላ ነገር በቦታው ያደርጋል። ለጉሮሮ ድምፅ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ለአንገት ደግሞ አገጩን ዝቅ አድርጎ የአንገቱን ጡንቻ ቀስ ብሎ ያጠብቃል። ስሜቱ እስኪያልፍ ይቆያል። ልጁ ራሱ ሲፈልግ ነው የሚሠራው፤ «ተለማመድ!» እያላችሁ ከጮኻችሁበት ያው «ተው!» ሆነ።

ቲኩን ብቻ ማየት

አብሮት ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አለ፦ መቅበጥበጥና ትኩረት ማጣት፣ ወይም ነገር ደጋግሞ የመፈተሽና የመንካት ግዴታ፣ ወይም ፍርሃት። ልጁን ከቲኩ ይልቅ እነዚህ ሊጎዱት ይችላሉ። የትምህርት ውጤቱ ከወረደ ምክንያቱን እዚህም ፈልጉ።

ያለ ቪዲዮ መምጣት

ልጆች እኛ ጋ ሲገቡ ይይዙታል። ቤት ሲሆን በስልካችሁ ቅረጹ፣ እሱን ሳታሳፍሩ። ለጎረቤትና ለቲክቶክ ሳይሆን ለሐኪሙ ብቻ። ነገር ግን ራሱን ከሳተ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠና ሲጠሩት ካልሰማ፣ ከትኩሳት ጋር በድንገት ከጀመረው፣ ወይም አዲስ መድኃኒት እንደጀመረ ከመጣበት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።