ስምንቱ ሳምንታትና ከአዲስ አበባ የሚጠበቀው ወረቀት

በእንግሊዝና በዌልስ በመዋዕለ ሕፃናት፣ በትምህርት ቤት ወይም በሕፃናት ማቆያ ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የተቋቋመውና ሁሉም «ዲቢኤስ» እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት የሚያደርገውን ማጣራት ማለፍ አለበት። (ስኮትላንድ የራሷ አሠራር ስላላት እዚህ አልገባባትም።) መሥሪያ ቤቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፤ አንዱ የወንጀል መዝገብን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት መስጠት ሲሆን፣ ሌላው ከሕፃናት ጋር እንዳይሠሩ የተከለከሉ ሰዎችን ዝርዝር መያዝ ነው። አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ፣ ምክንያትና የጊዜ ገደብ በሁለቱ ላይ ስለሚለያይ፣ የደረሰዎት ደብዳቤ ስለየትኛው እንደሆነ ሳይለዩ አገር ቤት ደውሎ «ከወንጀል ነፃ አውጡልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

ችግሩ የምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው መረጃ ከሆነ፣ ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። የሌላ ሰው ጥፋት በእርስዎ ስም ተመዝግቦ ከሆነ በጣት አሻራ ይለያል። ፖሊስ በራሱ ግምት የጨመረው መረጃ ከሆነ ግን ጉዳዩን መጀመሪያ ያው የፖሊስ ክፍል ይመለከተዋል፤ ካልተስማማችሁ ወደ ገለልተኛው ተቆጣጣሪ ይሄዳል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. በወሰነው አንድ ጉዳይ፣ በትምህርት ቤት የምሳ ሰዓት ልጆች የምትጠብቅ እናት ብትሸነፍም፣ ፖሊስ እንዲህ ያለውን መረጃ ከመግለጹ በፊት የግለሰቡን የግል ሕይወት መብት ከልጆች ደኅንነት ጋር እኩል ማመዛዘን እንዳለበት ፍርድ ቤቱ ግልጽ አድርጓል።

ከባዱ ሁለተኛው፣ የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር ነው። አሠሪ አንድን ሠራተኛ ልጅ ጎድቷል ወይም ሊጎዳ ይችላል ብሎ ካሰናበተ ለዲቢኤስ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለበት፤ «ከመባረሬ በፊት ራሴ ልልቀቅ» የሚለው የተለመደ ምክር ይህን ግዴታ አያስቀርም። መሥሪያ ቤቱ ሊከለክል ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በደብዳቤ ያሳውቅና መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት ይፈቅዳል። የአክስቴ ልጅ ይህ ደብዳቤ ሲደርሳት ከመብራትና ከውሃ ሂሳቦች ጋር ቀላቅላ አስቀምጣው፣ ከፍተን ያነበብነው በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ክልከላው ከጸና በኋላ ከሕፃናት ጋር በተከለከለው ሥራ ላይ መገኘት እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ዕድሜው 25 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ እንደ ደንቡ ስሙ እንዲሰረዝ ለመጠየቅ አሥር ዓመት ይጠብቃል።

በውሳኔው ላይ ይግባኝ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ፣ ለከፍተኛው ትሪቡናል (አፐር ትሪቡናል ለሚባለው ፍርድ ቤት)፣ መጀመሪያ ፈቃድ በመጠየቅ ነው። ይግባኙ መቆም ያለበት በሕግ ስህተት ወይም በፍሬ ነገር ስህተት ላይ ብቻ ነው፤ «ቅጣቱ በዛብኝ» ወይም «ልጆች አሉኝ» የሚለው ብቻውን አያዋጣም፣ ምክንያቱም ክልከላው ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ በሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ የተተወ ነው። ስለዚህ ዋናው ውጊያ በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ያልተነገረው ፍሬ ነገርም በዚያን ጊዜ መነገር አለበት።

የአገር ቤቱ ሰነድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዲቢኤስ የኢትዮጵያን የወንጀል መዝገብ ማየት አይችልም፤ በዚህም ምክንያት አሠሪዎች ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ከአገር ቤት እንድናመጣ ይጠይቃሉ። ማስረጃውን የሚሰጠው ፌዴራል ፖሊስ የጣት አሻራ ስለሚፈልግ፣ ውጭ ያለ ሰው አሻራውንና የፓስፖርት ቅጂውን በወኪል በኩል ያቀርባል። በኤምባሲ የተሰጠው ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ለወንድምዎ ከዓመታት በፊት የሰጡት ጠቅላላ ውክልና ይበቃል ብለው አይመኩ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልናን በአስተዳደር ሥራ ብቻ ስለሚወስነው፣ «ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ጠይቆ እንዲያወጣና እንዲረከብ» የሚለው ቃል በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።

በእኔ ግምት ግን፣ ንጹሕ የፖሊስ ወረቀት እዚያ ትምህርት ቤት ወይም ማቆያ ውስጥ በዕለቱ የሆነውን አይናገርም። ከዚያ የሚበልጠው፣ አገር ቤት ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ስንት ዓመት፣ የትኛውን ክፍል፣ ስንት ልጆች ይዘው እንደሠሩ ዘርዝሮ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ «ጨዋና ታታሪ ነበረች» የሚል ሁለት መስመር ከምንም አይቆጠርም። ደብዳቤው በአማርኛ ከሆነ፣ ትክክለኛነቱን ተርጓሚው ፈርሞ ያረጋገጠው ትርጉም ይያያዝ።

ስምና ቀንን ደጋግመው ይዩ። የእንግሊዝ ፎርም የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ይሞላል፤ አገር ቤት ያለው ፋይል ደግሞ ሦስቱንም ይዟል። መስከረም 1 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጅ አቆጣጠር ልደቷ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1989 ነው፤ የአክስቴ ልጅ የሥራ ልምድ ወረቀት ግን 1982ን ሳይቀይር ወደ እንግሊዝኛ ስላሻገረው፣ ሰባት ዓመት የምትበልጥ ሌላ ሴት አስመስሏት ነበር። እርማቱ እስኪመጣ መልሱን አላዘገየንም፤ በሰባተኛው ሳምንት ልከን፣ የትኛው ሰነድ ከአዲስ አበባ እንደሚከተልና ለምን እንደዘገየ በአንድ አንቀጽ ጻፍንበት።