ሁለት ሰው፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ድንኳን፦ ከጆሃንስበርግ እስከ ናታ

የሞተር ጉዞ የሚያቅደው መሪውን የሚይዘው ሰው ነው። ወገቡን የሚያመው ግን ከኋላ የተቀመጠው ነው። ይህን የምለው ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጆሃንስበርግ ነው። ለመጀመሪያው ረጅም ጉዟችን እሱ “በቀን 600 ኪሎ ሜትር” ብሎ ጽፎ መጣ። አሻፈረኝ አልኩ። ለጀማሪ ጥንድ 350 ይበቃል፤ ያውም በየሰዓቱ ወርዳችሁ እግር እያፍታታችሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ምረጡ። የደቡብ አፍሪካውን የዱር እንስሳት ፓርክ ክሩገርን እርሱት፤ ሞተር ሳይክል አያስገባም። የናሚቢያው ኤቶሻም እንደዚያው። ቦትስዋና ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ናታ የሚወስደው መንገድ ግን አስፋልት ነው፤ እንስሳውም ራሱ መንገድ ዳር ድረስ ይመጣላችኋል። እኛ ለሦስት ቀን ከፈልነው። የመጀመሪያው ቀን ድንበር ላይ እስካለው የሊምፖፖ ወንዝ። በነጋታው በፓላፕዬ አድርገን ፍራንሲስታውን፣ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሦስተኛው ቀን ናታ፣ 190 ገደማ። ርቀቱ እያጠረ የሚሄደው ሆን ብለን ነው፤ ድካም ይጠራቀማላ።

ወቅቱ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ይሁን። የእነሱ ክረምት ዝናብ የለውም። ትንኙም ይቀንሳል፤ ቢሆንም ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ። ሌሊቱ ግን አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ አለው። ቀን ፀሐዩን አይታችሁ ወፍራሙን ስሊፒንግ ባግ ቤት እንዳትተዉት።

ወረቀት፦ ዋናውን ሊብሬ ያዙ። ሞተሩ የባንክ ዕዳ ካለበት ከባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የቪዛውን ነገር፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚመልሳችሁንም ፈቃድ ቀን ቀድማችሁ አጣሩ። ድንበሩ ላይ የመንገድ ክፍያ ስላለ ገንዘብ አዘጋጁ።

ቀጥሎ ጭነት። እኛን ጉድ የሠራን እሱ ነው። ድንኳኑን፣ የመፍቻውን ቦርሳና የውኃ ጀሪካኑን ከወንበሬ ጀርባ ከምረን አሰርን። ገና ከተማ ሳንወጣ ነዳጅ ማደያ ገባን። እኔ ለመውረድ እግሬን ሳነሳ የሞተሩ አፍንጫ ቀለል አለና ሦስታችንም፣ እኔ፣ እሱና ሞተሩ፣ መሬት ላይ ተዘረርን። ጉዳት የለም፣ ሳቅ ብቻ። ከዚያ በኋላ የገባን ይኸው ነው፦ ከባድ ዕቃ በጎን ሳጥኖቹ ውስጥ፣ ወደ ታችና ወደ ፊት። ከላይ የሚታሰረው ቀላሉ ብቻ። የኋላውን ሞላ ለሁለት ሰው ጠበቅ አድርጉት። የጎማውንም ንፋስ መመሪያው ለሁለት ሰውና ለጭነት በሚለው ልክ ሙሉ፤ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ። የጎማ መድፈኛና ትንሽ ፓምፕ አይቅር። መሀል መንገድ ላይ ጎሚስታ አታገኙም።

እንዲህ ጭናችሁ ቅዳሜና እሁድ አጠር ያለ መንገድ ሞክሩ። ምልክትም ተስማሙ። የእኛ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አንዴ መታ ሳደርገው “ቀስ በል”፣ ሁለቴ ሳደርገው “አቁም” ነው። ፍሬን ሲያዝ የሁለታችሁ ሄልሜት ቋ! እያለ የሚጋጭ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰው በእጁ የነዳጅ ታንከሩን ይደገፍ።

መንገድ ላይ ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) በኋላ መንገድ ላይ አትቆዩ። ፀሐይ በ11 ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ አህያና ከብት የሞቀውን አስፋልት ይወዳሉ። በጨለማ አህያ አይታይም፤ ሲታይ ደርሳችሁበታል። ከፍራንሲስታውን ወደ ናታ ዱክዊ ላይ የእንስሳት በሽታ መቆጣጠሪያ ኬላ አለ፤ ወርዳችሁ ጫማችሁን መድኃኒት የተነከረ ምንጣፍ ላይ ትረግጣላችሁ። ስትመለሱ ጥሬ ሥጋ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ማለፍ አይቻልም። በሶና ድርቆሽ ግን ማንም አይነካባችሁም፤ ለእኛ ምግብ ማብሰል የሰለቸን ማታ ማታ ያወጣን በሶ ነው።

ዝሆን መንገድ ላይ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሞተሩን አታጥፉት፣ ጡሩንባም አትንፉ። ግልገል ካለ እናቱ ሳታልፍ ንቅንቅ እንዳትሉ። የእኛዋ መንገዱን ለማቋረጥ ሃያ ደቂቃ ፈጅታለች።

ናታ ስትደርሱ የማክጋዲክጋዲ የጨው ሜዳ “ኑ ንዱብኝ” ይላችኋል። እንዳትሞክሩት። ላዩ ደረቅ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ጭቃ። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ከገባ በአካፋ ነው የሚወጣው።

ካምፕ ላይ ድንኳኑን ገና ብርሃን ሳለ ትከሉ። አንዳችሁ ስትተክሉ ሌላችሁ ካቴናውን አጽድታችሁ ዘይት ቀቡ። ብዙ ካምፖች የሻወር ውኃ የሚያሞቁት እንጨት በሚነድበት በርሜል ነው፤ “ዶንኪ” ይሉታል። እሳቱ ሲያዝ ጠብቃችሁ ቀድማችሁ ታጠቡ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚደርሳችሁ ውኃ በረዶ ነው። ጫማችሁን ድንኳኑ ውስጥ አስገቡ። ጠዋት ደግሞ ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉት፤ ጊንጥ አለ።