መልቲፕል ስክለሮሲስ ላለበት ሰው የጅማ ማዕድ

መልቲፕል ስክለሮሲስን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የሕብረ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን የሚያጠቃበትን በሽታ፣ የሚያድን ምግብ የለም፤ መድኃኒቱን አቋርጡና በአመጋገብ ብቻ ታከሙ የሚሉትን አይስሙ። ምግብ የሚያግዘው ድካምን፣ የሆድ ድርቀትንና የፊኛን ችግር ለማቅለል ነው።

ብዙዎችን የሚያስቸግረው ድርቀቱ ነው። በሽታው አንጀትን የሚያዙትን ነርቮች ያውካል። ሽንት እንዳይመላለስ ብሎ ውሃ መቀነስ ደግሞ ድርቀቱን ያባብሰዋል፤ ሽንቱም ይወፍርና ፊኛን ይቆጠቁጣል። ሐኪም ካልከለከለዎ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውሃ ከፋፍለው ይጠጡ፤ ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት ያቁሙ። ምሳ የጤፍ እንጀራ በምስርና በጎመን፣ መክሰስ ግማሽ አቮካዶ ይሁን፤ ጅማ ላይ አቮካዶ አይቸግርም። ጥራጥሬውን በአንዴ ካበዙት ሆድ ይነፋል፣ ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ቡናስ? ጅማ ተቀምጦ ተው ማለት ይከብዳል። ግን ካፌይን ፊኛን ያጣድፋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። አቦሉ ይብቃዎ፣ እሱም ከቀትር በፊት። ሙቀት የበሽታውን ምልክቶች ለጊዜው የሚያባብስበት ሰው በረድ አድርጎ ይጠጣው።

ቫይታሚን ዲ በደም ምርመራ ይታይ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4000 ዩኒት በላይ አይውሰዱ፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይልና ኩላሊት ይጎዳል።

ሲውጡ ትን የሚልዎ ከሆነ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅር። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ፤ ለሐኪምዎም ሳይዘገዩ ይንገሩ።